«ኦሊምፒያድ» ሲሏችሁ «የትኛው?» በሉ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት ጠጋ አለችኝና «ልጄን ኦሊምፒያድ ላስገባት ፈልጌ ነበር፣ የት ነው የሚመዘገበው?» አለችኝ።

«የትኛው ኦሊምፒያድ?»

«እንዴ! ብዙ ነው እንዴ?»

አዎ፣ ብዙ ነው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ «ኦሊምፒያድ» ተብለው የሚጠሩት ውድድሮች ከስማቸው በቀር የሚያመሳስላቸው ነገር ትንሽ ነው። አንዱ በቡድን ነው፣ ሌላው በግል። አንዱ እንጨት ቆርጦ ማጣበቅ ይጠይቃል፣ ሌላው እርሳስና ወረቀት ብቻ። አንዱ በትምህርት ቤት በኩል ካልሆነ አይገባበትም፣ ሌላውን ደግሞ ልጁ ቤቱ በፒጃማ ተቀምጦ ይፈተናል።

እኔ መምህር አይደለሁም። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ግን ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የተወሰኑ ያበሻ ልጆች ሰብስቤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስጠናለሁ። ከነሱ መካከል አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ነች፣ ባዮሎጂ ነፍሷ ነው። እስካሁን ያየሁትን አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልንገራችሁ፦ ልጆቻችን የሚቀሩት ፈተናው ከብዷቸው አይደለም፤ ምዝገባው ላይ ነው የሚቀሩት። ስለዚህ ከምዝገባው እንጀምር።

መጀመሪያ በሩን ፈልጉ

የእህቴ ልጅ አምና የባዮሎጂ ኦሊምፒያድ መፈተን አማራት። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቷን ስንጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ ጭራሽ አልተመዘገበም። መምህሯ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። «ማንም ስላልጠየቀ ነው» አሉን። በቃ። ልጅቷ አራት ወር ሙሉ ስትቸክል ከርማ ፈተናው ሳይደርስባት አለፈ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ምንም አላወራችም። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። መጽሐፍ ገዛሁላት እንጂ «በማን በኩል ነው የምትፈተኚው?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

ብዙዎቹ የግል ፈተናዎች እንዲህ ናቸው። ወላጅ ድረ ገጽ ከፍቶ ልጁን አያስመዘግብም። አንድ መምህር ወይም ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተመዝግቦ ፈተናውን ማስተናገድ አለበት። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ልጁ ራሱ ለሳይንስ መምህሩ አጭር ኢሜይል ይጻፍ፤ ይህን ፈተና ዘንድሮ እንሰጣለን ወይ፣ ካልሰጠን ማስጀመር ይቻላል ወይ፣ ሌላ የሚፈልግ ልጅ ካለ እኔ እሰበስባለሁ የሚል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ጉልበት አለው። መምህር ለአንድ ልጅ ብሎ ወረቀት ለመሙላት ይሰንፋል፤ ስድስት ልጅ ተሰልፎ ሲመጣበት ግን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ወላጅ ባይጽፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁ ሲጽፍ ሌላ ነው።

ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ሌላ ቦታ ሄዶ መፈተን የሚቻልበት አለ። ኤ ኤም ሲ የሚባለውን የሒሳብ ፈተና አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ማዕከሎችም ያስተናግዱታል። ግን ይሄም ቀደም ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል፣ ወንበር ያልቃል።

በቅርቡ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር። በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ወደ ብሔራዊው ካምፕና ቡድን ለመግባት ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ እዚህ አገር መማሩ ይበቃል። «ወረቀታችን አላለቀም» ብላችሁ ከመጀመሪያው ዙር አታስቀሩት። ደንቡን የዚያን ዓመት ገጽ ላይ አንብቡት፣ ከጎረቤት አትስሙ።

የቡድኑ ኦሊምፒያድ

በሰፊው «ሳይንስ ኦሊምፒያድ» የሚባለው ይሄ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብሔራዊ ውድድር አለው። አንድ ቡድን እስከ 15 ልጅ ይይዛል። የሚወዳደሩበት ዘርፍ ደግሞ 23 ነው። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ልጅ ይመደባል። ሒሳቡን ሥሩት፤ አንድ ልጅ ሦስት አራት ዘርፍ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት «ዲቪዥን ሲ» ይባላሉ፤ ከነሱ በታች ያሉት «ቢ» ናቸው። በአካባቢ ውድድር ይጀመራል፣ ከዚያ ስቴት፣ ከዚያ ሜይ ወር ላይ ብሔራዊው።

ነጥቡ እንደ ሩጫ ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ አምስተኛ የወጣ 5 ነጥብ። በመጨረሻ ተደምሮ ትንሽ ያመጣ ያሸንፋል። ይሄን የሚያውቅ ወላጅ ትንሽ ነው፣ ግን አዘገጃጀቱን በሙሉ ይቀይረዋል። አንድ ኮከብ ተማሪ በአራት ዘርፍ አንደኛ ቢወጣ፣ ሌሎቹ ደግሞ ማንም ያልተዘጋጀባቸውን ሦስት ዘርፎች እንደ ነገሩ ሠርተው ሠላሳኛ ቢወጡ ቡድኑ አለቀለት። ዘጠና ነጥብ ከየት ይምጣና ይሸፈናል? ጎበዝ አሰልጣኝ የሚጨነቀው ስለ ደካማው ዘርፍ ነው።

ዘርፎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ጥናት (የሰውነት ክፍሎች፣ ድንጋይና ማዕድን፣ የከዋክብት ጥናት)፣ ቤተ ሙከራ፣ እና ግንባታ። ዝርዝሩ በየዓመቱ በከፊል ይቀያየራል፣ ስለዚህ ያምናውን ደንብ ይዞ የሚያጠና ልጅ ይሸወዳል። በብዙዎቹ የጥናት ዘርፎች የራስን ማስታወሻ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ አንዱ ላይ አንድ ወረቀት፣ አንዱ ላይ ሙሉ ባይንደር (የወረቀት ማቀፊያ)። ወላጆች ይሄን ሲሰሙ «ታዲያ ምን ከበደው?» ይላሉ። ዘርፉ 50 ደቂቃ ነው። ባይንደር ስታገላብጥ 50 ደቂቃው ያልቃል። ማስታወሻው የሚጠቅመው ራሱ ለሠራው ልጅ ነው፤ ከኢንተርኔት አውርዶ ያተመ ልጅ ገጹን ሲፈልግ ሰዓቱ ይደወላል።

እኔ የምወደው ዘርፍ «ራይት ኢት ዱ ኢት» የሚባለው ነው። አንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከስትሮ፣ ከኩባያ፣ ከሌጎ ምናምን የተሠራ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ሥዕል መሣል አይፈቀድለትም። በ25 ደቂቃ ውስጥ በቃላት ብቻ አሠራሩን ይጽፋል። ጓደኛው ሌላ ክፍል ሆኖ ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ በ20 ደቂቃ ይሠራዋል። የኛ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት አንደኛው «ቀዩን በላዩ ላይ አድርግ» ብሎ ጻፈ። በምኑ ላይ? በየት በኩል? ጓደኛው ወረቀቱን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ቆየና ሁሉንም ቀይ ነገር አንድ ላይ ከመረው። ሳቅን። በሳምንቱ ግን «አንተ ስትቀመጥ ወደ ሆድህ የሚያየው ጎን ‘ፊት’ ይባላል» ብለው ተስማምተው መጡ። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ፊት፣ ጀርባ ሁሉ ተወሰነ። ለዚህ ልምምድ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም፤ የወጥ ቤት መሳቢያ ክፈቱ።

ለማን ይሆናል? ከሰው ጋር መሥራት ለሚወድ፣ ብዙ ነገር ለሚያጓጓው፣ እጁ ሥራ ለማይፈታ ልጅ። ከ9ኛ ክፍል በታች ላለ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ለወላጅ ግን ጣጣ አለው። ቅዳሜያችሁ ይሄዳል፣ መኪናችሁ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

(«ሳይንስ ቦውል» የሚባለው ሌላ ነው። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ የሚያዘጋጀው የደወል ጥያቄና መልስ ነው፤ አራት ልጅ ተቀምጦ ቀድሞ የነካ ይመልሳል። ፈጣን ልጅ ካላችሁ ይወደዋል። አሰላስሎ የሚያስብ ልጅ ግን ይሰቃይበታል፣ አታስገድዱት።)

በግል የሚገባባቸው

እነዚህ መጨረሻቸው ዓለም አቀፉ ኦሊምፒያድ ነው። የሒሳቡ አንጋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ውስጥ ተጀመረ። ፊዚክስ በ1967 ዋርሶ፣ ኬሚስትሪ በ1968 ፕራግ፣ ኮምፒውተር በ1989 ቡልጋሪያ፣ ባዮሎጂ በ1990 ቼኮዝሎቫኪያ። ሁሉም ምሥራቅ አውሮፓ መወለዳቸውን ልብ በሉ። አንድ አገር የሚልከው ሒሳብ ላይ 6 ልጅ፣ ፊዚክስ 5፣ ሌሎቹ ላይ 4 ብቻ ነው። ከአሜሪካ የሚያክል አገር አራት ልጅ! ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ» ብላችሁ አትነሱ። ምክንያታዊው ግብ የመጀመሪያውን ዙር አልፎ ሁለተኛው ላይ መቀመጥ ነው። እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳብ፦ ኤ ኤም ሲ 10 እና 12 ኖቬምበር ላይ ነው። 25 ምርጫ ጥያቄ በ75 ደቂቃ። «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት ቀኖች አሉ፣ ልጁ ሁለቱንም መፈተን ይችላል። ጥሩ ያመጣ አይም ወደሚባለው ሁለተኛ ዙር ያልፋል። አይም ላይ 15 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፣ ምርጫ የለም፣ መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይመጣል፤ ያ ሌላ ዓለም ነው።

ፊዚክስ፦ የመጀመሪያው ፈተና ስሙ «ኤፍ ኢኳልስ ኤም ኤ» ነው፣ እንደ ኒውተን ሕግ። ፌብሩዋሪ ላይ፣ እንደገና 25 ጥያቄ በ75 ደቂቃ። መካኒክስ (ስለ እንቅስቃሴና ኃይል ያለው ክፍል) ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ የለ፣ ብርሃን የለ። ካልኩለስም አያስፈልገውም። ይሄን የምለው ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያሉ ልጆች «ገና ነኝ» ብለው ስለሚቀሩ ነው። ገና አይደሉም። ትሪጎኖሜትሪና አልጀብራ በደንብ የያዘ ልጅ መጀመር ይችላል። ወደ ሁለተኛው ዙር የሚያልፉት ከመላው አገሪቱ 400 ገደማ ናቸው።

ኬሚስትሪ፦ በየአካባቢው ያለው የኬሚስቶች ማኅበር ቅርንጫፍ ነው የሚያካሂደው። የአካባቢው ዙር በማርች አካባቢ ነው፤ ለብሔራዊው ሺህ ያህል ልጅ ይመረጣል። ከአንድ ትምህርት ቤት የሚያልፈው ቁጥር ገደብ ስላለው ጎበዝ በበዛበት ትምህርት ቤት ፉክክሩ እርስ በርስ ነው። ብሔራዊው ሦስት ክፍል አለው፦ 60 ምርጫ፣ 8 የጽሑፍ ጥያቄ፣ እና የቤተ ሙከራ ሥራ።

ባዮሎጂ፦ ፌብሩዋሪ ላይ 50 ጥያቄ በ50 ደቂቃ። ከዚያ ሰሚፋይናል፣ ከዚያ 20 ልጆች። ብዙ ማንበብ የሚጠይቀው ይሄ ነው። ካምቤል የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት መጽሐፍ ሁሉም ይዞት ታያላችሁ፣ ጡብ ያክላል። ኤ ፒ ባዮሎጂ የሚባለው፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት ብቻውን አይበቃም።

ኮምፒውተር፦ ዩሳኮ የሚባል የፕሮግራሚንግ ውድድር ነው። ነፃ ነው። በኢንተርኔት ነው። ክረምት ላይ (የፈረንጆቹን ማለቴ ነው) ጥቂት ጊዜ ይካሄዳል። ማንም ሰው፣ ከየትም አገር ሆኖ መግባት ይችላል። ከነሐስ ተጀምሮ ወደ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም ይወጣል። የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ መምህር አይለመንም። ትምህርት ቤቱ ደንታ የማይሰጠው ልጅ ካላችሁ፣ በሩ ክፍት ያለው እዚህ ነው።

እንግዲህ የትኛው ለየትኛው ልጅ? ብዙ ወላጅ «የትኛው ነው ሃርቫርድ የሚያስገባው?» ይለኛል። የትኛውም አያስገባም፣ በቃ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ ማንም ሳያዘው፣ ስልኩ ቻርጅ ሲያልቅበት፣ ምን ያደርጋል? አንዱ እንቆቅልሽ ይዞ ሁለት ሰዓት ሳይሰለቸው ይቀመጣል፣ እሱ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ነው። ሌላዋ ስለ ጉንዳን አንብባ እራት ላይ ካልነገርኳችሁ ትላለች፣ እሷ ባዮሎጂ ናት። ሪሞቱን ፈትቶ የማይገጥመው ልጅ የግንባታ ዘርፍ ይሂድ። ከሁለት በላይ አትምረጡ። ፌብሩዋሪ ላይ ብዙው ይደራረባል፣ ልጁም ይንገሸገሻል።

ዝግጅቱ

ሁሉም ልጅ መጽሐፉን ከገጽ 1 ይጀምራል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምዕራፍ 4 ላይ ይቆማል። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ምንም ሳያጠኑ፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ሙሉውን በሰዓት ይሠራሉ። ይወድቃሉ። በጣም ይወድቃሉ። አንዱ ከ25 አራት አመጣና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ክፍሌ ውስጥ አንደኛ ነኝ» አለኝ። ይገባኛል። ግን አሁን ምን እንደማያውቅ ያውቃል፣ መጽሐፉንም ሲከፍት የት ገጽ እንደሚሄድ ያውቃል። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች አብዛኞቹ በነፃ ይገኛሉ። ውድ የሆነ የክረምት ካምፕ ከመክፈላችሁ በፊት እነሱን ጨርሱ።

ከዚያ የስህተት ደብተር። ይሄን ካልያዘ ልጅ ጋር አልሠራም፣ እስከዚህ ድረስ ነው። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ጥያቄ አንድ መስመር፦ ምን መለስኩ፣ ለምን ተሳሳትኩ። «ለምን» የሚለው ላይ «አላወቅኩትም» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ጭራሽ አይቼው የማላውቀው ነው? አውቄው ጠፍቶኝ ነው? ሰዓት አልቆብኝ ነው? ወይስ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም? የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ በተደጋጋሚ የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «‘የማይሆነው የቱ ነው’ ይላል፤ የሚሆነውን መረጥኩ።» በአንድ ፈተና ላይ አራት ጊዜ! ለዚህ መድኃኒቱ ተጨማሪ ምዕራፍ ማንበብ አይደለም። አሁን «የማይ» የምትል ቃል ስታይ በእርሳስ ታከባታለች። አራት ነጥብ እንዲሁ ተገኘ።

ፊዚክስ ላይ ደግሞ ከመሥራት በፊት ምርጫዎቹን መጠርጠር ይማሩ። አንድ ላሳያችሁ። በአንድ ፑሊ ላይ ሁለት ዕቃዎች በገመድ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል። ሰበቃ የለም። ፍጥንጥነቱ ስንት ነው? ብዙ ልጅ ወዲያው ቀስቶች መሣል ይጀምራል። ቆይ! መጀመሪያ ሁለቱ እኩል ቢሆኑስ ብለህ ጠይቅ። እኩል ከሆኑ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ መልሱ ዜሮ መሆን አለበት። አንዱ ምርጫ «ድምራቸው ለልዩነታቸው ተካፍሎ» ይላል፤ እኩል ሲሆኑ በዜሮ ማካፈል መጣ፣ ደህና ሰንብት። ሌላው «ቀላሉ ለከባዱ ተካፍሎ በጂ ተባዝቶ» ይላል (ጂ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው)፤ እኩል ሲሆኑ ሙሉ ጂ ይሰጣል፣ ይሄም ውሸት ነው። ቀጥሎ፣ ቀላሉ ዕቃ ባይኖርስ? ከባዱ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ ፍጥንጥነቱ ጂ ይሆናል። ሌላኛው ምርጫ «ልዩነታቸው በጂ ተባዝቶ» ይላል፤ የዚህ መለኪያ ኒውተን ነው፣ ፍጥንጥነት አይደለም። የቀረው አንድ ነው፦ ልዩነታቸው ለድምራቸው ተካፍሎ በጂ ተባዝቶ። አንድ ቀስት ሳይሣል በ40 ሰከንድ ተመለሰ። ለአንድ ጥያቄ ያለው 3 ደቂቃ ስለሆነ የተረፈው ለከባዱ ጥያቄ ይቀመጣል። ይሄ ግን መሥራቱን ለሚችል ልጅ ነው አቋራጭ የሚሆነው፤ ቀስቶቹን መሣል የማይችል ልጅ በዚህ ብቻ ሩቅ አይሄድም።

ስለ መገመትም ደንቡን ይወቁ። ኤ ኤም ሲ ላይ ትክክል 6 ነጥብ ነው፣ ባዶ የተተወ 1.5፣ ስህተት 0። አምስት ምርጫ ላይ በጭፍን የገመተ በአማካይ 1.2 ያገኛል፣ ስለዚህ ባዶ መተው ይሻላል። አንድ ምርጫ ካወጣ 1.5 ለ1.5 እኩል ነው። ሁለት ካወጣ 2 ይሆናል፣ ይገምት። ፊዚክሱ ላይ ግን በስህተት የሚቀነስ የለም፣ ባዶ የሚተው ደግሞ ምንም አያገኝም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ሁሉንም ክብ ይሙላ። ልጆች የሁለቱን ደንብ ሲያምታቱ አይቻለሁ።

ብቅልና ጂበሪሊን

ባዮሎጂ ላይ ልጆች ዕፅዋትን ይዘላሉ። ልብና ኩላሊት ደስ ይላቸዋል፣ ቅጠል ይሰለቻቸዋል። ግን የዕፅዋት ክፍል ከፈተናው ወደ 15 ከመቶ ነው፤ ሌሎች የሚዘሉት ቦታ ላይ ነጥብ በርካሽ ይገኛል። የእህቴ ልጅም የዕፅዋት ሆርሞኖች የሚለውን ገጽ ስትሸመድድ ነበር፤ ኦክሲን፣ ሳይቶካይኒን፣ ጂበሪሊን... በሳምንቱ ጠየቅኳት፣ ጠፍቷል።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፤ ለፋሲካ ጠላ ልትጠምቅ ገብስ ነክራ ብቅል እያበቀለች ነበር። ልጅቷን ጠራኋትና «አያትሽ የምትሠራውን እዪ፣ ፈተናሽ እዚህ ሰፌድ ላይ ነው» አልኳት። ገብሱ ውኃ ሲጠጣ በውስጡ ያለው ፅንስ ጂበሪሊን ይለቃል። ጂበሪሊኑ የፍሬውን ዳር የሸፈነውን አልዩሮን የሚባል ስስ ንብርብር ይቀሰቅሳል። አልዩሮኑ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይሠራል። አሚሌዙ ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰባብረዋል። ስኳሩ በተፈጥሮ ለቡቃያው ምግብ ነበር፤ እናቴ ግን ቀድማው ለእርሾው ታደርገዋለች። «ለምንድነው ታዲያ ጫፉ ብቅ እንዳለ ወስደሽ የምታሰጪው?» አለቻት ልጅቷ። «ካደገማ ምኑን ልትጠጪ ነው፣ ሣር ይሆናል!» አለች እናቴ። ቡቃያው ስኳሩን ሳይጨርሰው ማስቆም ማለት ነው፣ ትክክለኛ መልስ ነው።

ከዚያ እንደ ፈታኝ ጠየቅኳት፦ ገብሱን ለሁለት ቆርጠን ፅንስ የሌለበትን ግማሽ ብንነክረው ስታርቹ ይሰበራል? አሰበች። «አይሰበርም፣ ሆርሞኑን የሚለቅ የለም።» ጂበሪሊን ውኃው ውስጥ ብንጨምርበትስ? «ይሰበራል!» ኦሊምፒያድ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ስም አይጠይቅም፣ አንድ ነገር ቢወገድ ምን ይሆናል ይላል። ስለዚህ ስታጠኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና «ይሄ ባይኖርስ?» በሉ።

እጅ የሚፈልገው ክፍል

ወረቀት ላይ ጎበዝ ሆነው ቤተ ሙከራ ላይ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በዓለም አቀፉ ደረጃ የፊዚክሱ ሙከራ ከ50 ነጥብ 20 ይይዛል፣ የኬሚስትሪው ከመቶ 40። የኬሚስትሪው ብሔራዊ ፈተና ላይ ደግሞ አሠራሩ አይነገርም። ቀላል ዕቃዎች ይሰጡሃል፣ ጥያቄ ይሰጥሃል፣ ዘዴውን አንተ ትነድፋለህ። ቤት ውስጥ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውኃውን ያዙ። ቆምጣጤ ሲነካው ይቀላል፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። አሁን ልጁን ሁለት የማይታወቁ ፈሳሾች ስጡትና የትኛው ይበልጥ ኮምጣጣ እንደሆነ ሳይቀምስ በቁጥር ያስረዳ። ስንት ጠብታ? ስንት ጊዜ ደገመው? ጻፈው? አብዛኛው ልጅ አንዴ ሠርቶ «ይሄ ነው» ይላል። ሦስቴ ይድገመው። የቤት ማጽጃ ኬሚካሎችን ግን አትነካኩ፣ በተለይ በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አታደባልቁ።

አገር ቤት ላላችሁ

አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ዳር፣ የዩሳኮው በር ለናንተም ክፍት ነው። ለሒሳብ ፓን አፍሪካን ኦሊምፒያድ አለ። የፊዚክስና የኬሚስትሪው ዓለም አቀፍ ውድድር ያለፉ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጠዋል፤ የኬሚስትሪው አስተናጋጅ አገር በየዓመቱ የመለማመጃ ጥያቄዎችም ያወጣል። ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን ፒዲኤፉን አውርዱና በቴሌግራም ተቀባበሉት። ለ12ኛ ክፍል መልቀቂያ የምትዘጋጁ ከሆነ ግን በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። መልቀቂያው ስፋት ይፈልጋል፣ ኦሊምፒያዱ ጥልቀት። 10ኛና 11ኛ ላይ ብትጀምሩት ነው የሚሻለው።

ከፈተናው በኋላ

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ሴፕቴምበር ላይ ኢሜይሏን ጻፈች። አምስት ልጅ አሰባሰበች፣ መምህሯ ተመዘገቡ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ተፈተነች። ሰሚፋይናል አላለፈችም። በጥቂት ነጥብ ነው የቀረባት። ሁለት ቀን አኮረፈች፣ ተውናት።

በሦስተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። የሳተቻቸውን፣ የምታስታውሳቸውን ያህል፣ አንድ በአንድ ጻፍናቸው። ይሄን ሳምንት ሳይሞላው አድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ይረሳል። 14 ጥያቄ ትዝ አላት። ሰባቱ ምንም አዲስ ነገር ሳትማር መመለስ የምትችላቸው ነበሩ። አምስቱ ሥነ ምኅዳር ላይ ናቸው፣ ያልነካነው ምዕራፍ። ሁለቱን እኔም አልቻልኳቸውም፤ ለመምህሯ ልካቸዋለች፣ መልስ እየጠበቅን ነው።